ጋቢ ለብሰው ባኮ የገቡ ዓሦች

ልጆቹ አልተዉኝ አሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ተሰብስበው፣ በልተው ሲጠግቡ፣ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ያዞሩና «አያቴ፣ እስቲ ያንን የባኮውን!» ይሉኛል። ጀምሬ ገና ጌዶ ሳልደርስ አንዱ «አይ፣ እሱ ከዚያ በኋላ ነው» እያለ ያርመኛል፤ አብሮኝ የሄደ ይመስል! ባለፈው ታዲያ ትልቋ የልጅ ልጄ፣ «ጻፊውና ሁላችንም እንገላገል» አለችኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ጥጥ እየፈተልኩ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ ወሬዬ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ይቆማል። እግሬ ግን ምስጋና ይግባውና ብዙ ተምሯል። ለቅሶ ሲሉኝ፣ ሠርግ ሲሉኝ፣ ንግሥ ሲሉኝ ነጠላዬን አንስቼ እነሳለሁ። ከዓሣ ጋር ግን የተጓዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ የመጣው በቶሎሳ በኩል ነው። ቶሎሳ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው፤ እህቴ ባኮ አግብታ እዚያው ወልዳ ከብዳ ቀርታለች። ከባኮ ወጣ ብሎ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውሃ አለ። ሰዎቹ ሀሮ ይሉታል፣ ሐይቅ ማለታቸው ነው። ቶሎሳ እዚያ ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ሐይቁ ደክሟል። ድሮ ክንድ የሚያህል ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ይወጣበት የነበረ ውሃ፣ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ይሰጥ ጀመር። የወረዳዋ የዓሣ ባለሙያ፣ ሐዊ የምትባል ልጅ፣ «ዓሣው የሚራባው ከአሁን ጀምሮ ነው፤ መረብ ይውጣና ክረምቱ እስኪገባ ሐይቁ ይረፍ» አለቻቸው።

እሺ እንዳይሉ፣ ያ ጊዜ ሁዳዴ ነው። ሁዳዴ ደግሞ የዓሣ ገበያ ነው። እኔ ራሴ በሁዳዴ ዓሣ አልቀምስም፣ የነፍስ አባቴ የሚፈቅዱልኝ በረቡዕና በዓርብ ጾም ብቻ ነው። የከተማው ሰው ግን ሥጋና ቅቤ ሲቀርበት ዓሣ ላይ ነው የሚወርደው፤ የአምቦ ምግብ ቤቶች እንኳ ያኔ ነው ዓሣ ዓሣ የሚሸቱት። እንግዲህ አጥማጆቹ፣ «ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀውን ገበያ ጥለን ምን ይዘን እንቀመጥ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቶሎሳም ኩሬ አስቆፈረ። «የዓሣ ጫጩት አምጥቼ እሞላዋለሁ። ሐይቁ ሲያርፍ እኛ ኩሬውን እንቀልባለን፣ ሰኔ ላይ አውጥተን እንሸጣለን» አላቸው። እነሱም ቁርጡን ነገሩት፦ «ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ኩሬው ውስጥ ዓሣ ሲላወስ ካየን መረባችንን እናወጣለን። ካላየን ግን ስለ ሐይቅ ዕረፍት ሁለተኛ እንዳታነሳብን።»

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቶሎሳ ከአዲስ አበባ ወዲያ ካለ ማራቢያ ጫጩቶቹን ይዞ አምቦ እኔ ቤት ደረሰ። ውሃና አየር በተሞላ ትልልቅ ላስቲክ ነበር ያመጣቸው፤ ግቢዬ ውስጥ ወደ ሁለት ሰማያዊ በርሜል ገለበጣቸው። አጎንብሼ አየሁ። ከትንሿ ጣቴ አይበልጡም፤ ግን እንዴት ያለ ፍጥነት! «አክስቴ፣ እናቴ ናፍቃሻለች፤ ለምን አብረን አንወርድም?» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አይነገረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ተነሣን። የያዘን አይሱዙ መኪና በቆሎ ለመጫን ባዶውን ባኮ የሚወርድ ነው። ሹፌሩ ግርማ የአምቦ ልጅ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። እኔ ለእህቴ አንድ ሳጥን የአምቦ ውሃ ይዣለሁ። የአምቦ ሰው ባዶ እጁን ዘመድ አይጠይቅም፤ ሌላ ነገር ቢያጣ ውሃውን ይይዛል። በርሜሎቹ ከኋላ በገመድ ታሰሩ፣ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ።

ግርማ ገና የሁሉቃን ወንዝ ሳንሻገር ጀመረ። «እማማ፣ ዮናስ በዓሣ ሆድ ተጓዘ፤ ዛሬ ደግሞ ዓሣ በእኔ መኪና ሆድ ይጓዛል። ብድር በምድር!»

«ነነዌ ሰኞ ነው የሚገባው፤ አትቸኩል» አልኩት።

«እኔማ አልቸኩልም፤ የሚቸኩለው ቶሎሳ ነው።»

እውነትም ቶሎሳ በየኩርባው በመስኮት እየወጣ በርሜሎቹን ያያል። ጉደርን አለፍን። ጉደር ከአምቦ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያኔውኑ አየሩ ይለሰልሳል፤ ሽንኩርቱም ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። የጉደር ሴቶች ሽንኩርቱን እንደ ጉንጉን አስረው መንገድ ላይ ሰቅለውታል። እኛ አምቦ በቁና ነበር የምንሸጠው፤ የእነሱ ያምራል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይጀምራል። መኪናው እያቃሰተ፣ እኛም አብረነው እያቃሰትን፣ ጌዶ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ።

ትርፍ ጎማ አለ፤ ማንሻው ክሪክ ግን አልሠራም አለ። ቶሎሳ በሞተር ሳይክል ተሳፍሮ ክሪክ ፍለጋ ወደ ጌዶ ከተማ ገባ። እኔና ግርማ በርሜሎቹን ልናይ ወጣን። ዓሦቹ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ ይዘጋሉ፤ እንደ ተጠማ ጫጩት።

«አየር አጥሯቸዋል» አለ ግርማ።

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

ግርማ አሰበ። ቀጥሎ ያለው ነገር ከአምቦ ሰው በቀር ለማንም አይታሰብም። «እማማ፣ ቶሎሳ ሲያወራ አልሰማሽም? ላስቲኩ ውስጥ አየር ነው የነፉላቸው። አየር ያለው ውሃ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው ማን ነው?» ብሎ የእኔን ሳጥን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «አረፋውን እዪው! ይሄ ሁሉ አየር እኮ ነው!»

እኔስ ምን ልበል? አምቦ ውሃ ለሆድ ቁርጠት፣ ለራስ ምታት፣ ለጨጓራ ሲሆን ሳየው ነው የኖርኩት። ለሰው የሆነ ለዓሣ እንዴት አይሆንም? «በል ጨምርላቸው» አልኩ። ጠርሙስ በጠርሙስ እየከፈተ አንደኛው በርሜል ውስጥ አንቆረቆረላቸው። ውሃው ፈላ፣ ጮኸ። ዓሦቹም ወዲያው መንጠራራቱን ተዉ፤ ጸጥ አሉ።

«አየሽ? ረኩ!» አለ ግርማ ወገቡን ይዞ።

ረክተውስ ነበር። መጀመሪያ አንዱ በጎኑ ተኛ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ በርሜሉ ሙሉ ነጭ ሆድ ሆነ።

ቶሎሳ ክሪኩን ይዞ ከሞተሩ ሲወርድ ፊታችንን አይቶ ነው የሮጠው። «ምን ሰጣችኋቸው?»

«አምቦ ውሃ» አለ ግርማ በቀጭን ድምፅ።

«ምን?»

«ባለ ጋዙን...»

ቶሎሳ ራሱን ያዘ። «አክስቴ! እነሱ የሚተነፍሱት ሌላ አየር ነው! ይሄ የሚያደነዝዘው ነው! ቅዳሜ... ቅዳሜ ምን ይዤ ልቀርብ ነው?» አለና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ያ ትልቅ ሰውዬ ሊያለቅስ ደረሰ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ትንሽ ሆቴል ነበረች። ባለቤቷ ብርቄ ትባላለች፤ ጮኸን ኖሮ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች። ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኳት። ወደ በርሜሉ አንዴ አየችና ወደ ሆቴሏ ዞራ፣ «እናንተ! ሽሮው የትም አይሄድም፤ ኑ ውሃ አቀብሉ!» አለች። የሚበሉት ሰዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ ወጡ። ብርቄ የምንጭ ውሃ የሞላ ጄሪካን በጄሪካን አወጣች። ቶሎሳም ነፍስ ዘራ፤ የጋዙን ውሃ አብዛኛውን በወንፊት አጠለለና አዲሱን ከላይ አንቆርቁሩ፣ ከከፍታ ይውረድ፣ አየር ይዞ ይግባ አለ። አንዱ ገበሬ መኪናው ላይ ወጥቶ ጠላ እንደሚቀዳ ሰው ጣሳውን ከፍ አድርጎ ያወርደዋል፤ ሌላው ከታች ያቀብለዋል፤ ሁሉም ያዝዛል።

«ከፍ አድርገው!»

«ከዚህ በላይ ክንፍ የለኝም!»

«አነጠሰ! አንዱ አነጠሰ!»

ዓሣ አያነጥስም፤ ግን ጅራቱን አወዛወዘ። ከዚያ ሌላው ተገለበጠ፣ ሌላውም ቀና አለ። የሞቱም ነበሩ፤ የዳኑት ግን ይበልጣሉ። ሁለተኛው በርሜል ደግሞ ምንም አልነካውም። ብርቄ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች፣ «አኮ» አለችኝ፣ አያቴ ማለት ነው በኦሮምኛ፣ «እኛ ጌዶዎች አምቦ ውሃ ስንጠጣ እናገሳለን እንጂ እንዲህ አንወድቅም።»

ጎማው ሲጠገን መሸ። ጌዶ ብርድ አለ፤ የአምቦ ብርድ ለጌዶ ብርድ ነጠላ ነው። ቶሎሳ እንደገና መጨነቅ ጀመረ። እነዚህ የሞቃት አገር ዓሦች ናቸው፣ ብርድ ይገድላቸዋል አለ። ብርቄ በርሜሎቹን ወጥ ቤቷ አስገባች፤ ምድጃው ከሚሞቀው ግድግዳ አጠገብ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ከጓዳ አንድ ሙሉ ጋቢ አውጥታ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። ባሏ ከገበያ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ጋቢዬ የታለ?» ብሎ ነው።

«ዓሣ ለብሶታል» አለችው።

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ ቶሎሳን አየው፣ «ይሁን» አለና ካፖርቱን ለብሶ እራቱን በላ። እንዲህ ያለ ትዳር ብዙ አላየሁም። እኛም ሽሮ በጎመን በላን። ሽሮዋ ከእኔ ሽሮ ቀጠን ትላለች፤ የጌዶ ድንች ግን፣ እግዜር ይስጣት፣ ቅቤ የገባበት ይመስላል።

ሐሙስ ብርቄ ጋቢውን ልመልስ ስል እምቢ አለች። «ባኮ ድረስ ለብሰው ይሂዱ፤ ስትመለሺ አምጪልኝ» አለች። ስለዚህ ዓሦቹ ጋቢ ለብሰው ከጌዶ ወረዱ። ኢጃጂ ስንደርስ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ አስቆመን። ወደ ኋላ አየና ፊቱ ተለወጠ። «በጋቢ የተጠቀለለው ማን ነው?»

ግርማ በኀዘን አንገቱን ደፍቶ፣ «ብዙ ናቸው» አለ።

ቶሎሳ ዘሎ ወርዶ ጋቢውን ባይገልጥ ኖሮ ያን ቀን እስር ቤት ነበርን። ጠባቂው ዓሦቹን ሲያይ ሳቀ፤ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ አንድ ጆግ ውሃም ከላይ አንቆረቆረላቸው። ለካ ወሬያችን ቀድሞን ደርሷል።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ነጠላ ይከብዳል፤ ማንጎ በየግቢው፣ ሙዝ በየአጥሩ፤ የተቆረጠው የበቆሎ አገዳ ሜዳውን ሞልቶታል። እኛ አምቦ በጥር ጠዋት እሳት እንሞቃለን፤ ባኮዎች በጥር ጥላ ይፈልጋሉ። እህቴ በር ላይ አገኘችኝ፣ ተላቀስን፣ ሳቅን፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ተከራከርን። ግን ቶሎሳ አላስቀመጠንም፤ ሁሉም ወደ ኩሬው ወረደ።

ሐይቁ ከማዶ እስከ ማዶ ይታያል። አጥማጆቹ ጀልባ የላቸውም፤ የመኪና ከመነዳሪ ነፍተው ላዩ ላይ ሳንቃ አስረው ነው የሚንሳፈፉት። ኩሬው ከዳር፣ ከሙዝ ተክል ሥር ነው፤ ውሃው እንደ ቡና በወተት ድፍርስ። ቶሎሳ ጫጩቶቹን ዝም ብሎ አልደፋቸውም። የኩሬውን ውሃ በጣሳ እየቀዳ ቀስ በቀስ ከበርሜሉ ጋር ቀላቀለ። «ሙቀቱን ይልመዱት፤ ድንገት ከገቡ ይደነግጣሉ» አለ። ሙሽራ ቤት እንደማስለመድ ነው። ዳር ላይ ብዙ ሰው ቆሟል። ከሁሉም ድምፁ የሚሰማው አንድ ደንዳና ሰው ነው።

«ቶሎሳ! ይሄን ሁሉ መንገድ የሄድከው የድመት ቁርስ ልታመጣ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እህቴ በጆሮዬ፣ «እሱ ኦቦ ዳባ ነው። ከሁሉ የሚበልጥ መረብ ያለው እሱ፣ ከሁሉ የሚበልጥ አፍ ያለውም እሱ። እሱ እሺ ካላለ ማንም እሺ አይልም» አለችኝ።

ኦቦ ዳባ አየኝና መጣ። «አኮ፣ ነጉማ? ደህና ነሽ ወይ? ከአምቦ ድረስ ዓሣ ስታጅቢ መጣሽ አሉኝ። ነገ እኔ ቤት ነሽ። እውነተኛ ዓሣ አበላሻለሁ፤ ሹካ የማይበቃው።»

ዓርብ ሄድኩ። ባለቤቱ አዴ ጫልቱ ቀጭን፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። ጾመኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው ዓሣ የተባለው፤ ሥጋ ቢያርዱ እንደማልበላ ገብቷቸዋል። እነሱ ራሳቸው ጾሙን አይጾሙም፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ድረስ እኔ ፊት ውሃ እንኳ የጠጣ የለም። ለዚህ ነው ሰው ቤት መሄድ የምወደው።

ኦቦ ዳባ ቆሮሶዋን በባልዲ ውሃ ውስጥ ከነሕይወቷ ይዞ መጣ፤ አሁን እንደተያዘች አይቼ እንዳምን። እውነትም ትልቅ ናት። «አኮ፣ ሐይቁ ደክሟል ይላሉ። ይቺ የደከመ ሐይቅ ልጅ ትመስላለች?» አለና ጫልቱ ባስቀመጠችው ሰፌድ በሚያህል ሳፋ ውስጥ ገለበጣት።

ዓሣዋ ተንፈራገጠች፣ አፏን ከፈተች። ከአፏ ልጆቿ ወጡ። እንደ ጤፍ ቅንጣት ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ብዙ፣ ሳፋውን የሞሉ። ወዲያና ወዲህ ተበተኑ፤ ከዚያ መልሰው ወደ እሷ ተሰበሰቡ፣ አፏ ሥር። እሷም በዚያች በማትበቃት ውሃ ውስጥ በጎኗ እየተንፈራገጠች አፏን ከፈተችላቸውና ተመልሰው ገቡ።

ጫልቱ ልታርዳት የያዘችውን ቢላዋ መሬት አስቀመጠች። ኦቦ ዳባ ቆሞ አየ። ከዚያ ያ አፉ የማይዘጋ ሰው፣ «ይቺ ዓሣ ታማለች» አለ።

«ታማለች?» አለች ጫልቱ።

«ታማለች አልኩ። የታመመ ዓሣ ለእንግዳ አላበላም!» ብሎ ሳፋውን አንሥቶ፣ ውሃው እየተንጠባጠበበት፣ በእርሻው መካከል ወደ ሐይቁ ወረደ። ጫልቱ ከኋላው እያየች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን ምን እንጃ። ከዚያ ብድግ ብላ ሽሮ ጣደች። ሹካ የማይበቃው ዓሣ የተባለልኝ እንግዳ ሽሮ በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ኦቦ ዳባ ግን ዘግይቶ መጣ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ስለ ዓሣዋ አንድ ቃል አልወጣውም። ስለ አምቦ ገበያ ነበር የሚጠይቀኝ።

ቅዳሜ ስብሰባው ማንጎ ጥላ ሥር ሆነ። ሐዊ ተነሥታ ተናገረች። ልጅ እግር ናት፣ ንግግሯ የሰከነ። ሐይቁ ለምን ማረፍ እንዳለበት፣ የመረቡ ዓይን ለምን መስፋት እንዳለበት፣ ትናንሹን ዓሣ ዛሬ መሸጥ የነገውን በቅናሽ መሸጥ እንደሆነ አስረዳች። ከዚያ ሁሉም ወደ ኩሬው ሄደ። ቶሎሳ አንድ እፍኝ ፉርሽካ በተነ። ትንሽ ቆየ። ውሃው ዝም አለ። «አልቀዋል እንዴ?» አለ አንዱ። ያኔ አንድ አረፋ፣ አንድ ጅራት፣ ከዚያ ኩሬው ዝናብ እንደወረደበት ተንቦጫረቀ። ሰዉ አጨበጨበ። ግርማም በቆሎውን ጭኖ ሳይጨርስ መጥቶ ኖሮ ከሁሉ ጮክ ብሎ አጨበጨበ፤ «እኔ ያዳንኳቸው ናቸው!» እያለ።

ግን ኦቦ ዳባ እጁን አወጣ። «ቆይ። ዓሣ አየን፣ እሺ። ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ያለው ሌላ ወረዳ ነው። እኛ መረባችንን ሰቅለን ስንቀመጥ እነሱ የኛን ዓሣ ቢያወጡትስ? ዓሣ ድንበር አያውቅም። የኛን ጾም እነሱ ሊፈስኩበት ነው?»

እውነት ነው፤ ሁሉም አጉረመረመ። ሐዊ ከማዶው ወረዳ ባለሙያ ጋር እየተነጋገርን ነው አለች። ገና እየተነጋገሩ መሆኑ ግን ማንንም አላስደሰተም። ቶሎሳ ፊቱ ጠቆረ።

«የማዶዎቹን ለእኔ ተዉልኝ» አለ ኦቦ ዳባ። «የጫልቱ ወንድሞች ናቸው። አማቾቼ ስለሆኑ እኔን መስማት ግዴታቸው ነው፤ ካልሰሙም እኔ መጮህ እችላለሁ። መረቤንም አወጣለሁ። ግን አንድ ነገር፦ ኩሬውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቀለቡንም የምሰጠው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይጠጋው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ፣ «ኩሬው ከከሸፈስ?» አለ።

«ከከሸፈ ሁሉም መረቡን ይመልስ!» አለ ኦቦ ዳባ።

በዚህ ተስማሙ። እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሥጋ ለጅብ አደራ ሰጡ» አለች። «በሳምንት ውስጥ ራሱ አጥፍቶት፣ 'አላልኳችሁም?' ይላል።» እኔም ክፉ አሳቤን አልደብቅም፤ እንደሷው ነበር የጠረጠርኩት። ከሳፋው ጋር የሄደውን ሰው አይቼ እንኳ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአውቶቡስ ተመለስኩ። እህቴ የጫነችልኝ ማንጎ እግሬ ሥር ይንከባለላል፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ አንድ እያነሣ «ይሄም ያንቺ ነው?» ይለኛል፤ አምቦ ስደርስ ግማሹ የነሱ ሆኖ ነበር። ጌዶ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ወርጄ ጋቢውን ለብርቄ መለስኩላት፤ አጥቤዋለሁ፣ ግን የዓሣ ሽታው አልለቀቀም። ባሏ አሽትቶ፣ «ምን ይደረግ፣ ለምጄዋለሁ» አለ። አምቦ ገባሁ፣ እግሬን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ በማግሥቱ ነነዌ ገባ።

ሰኔ ላይ ቶሎሳ ደወለልኝ። በደስታ ነው የሚጮኸው። ያ ሁሉ ወር መረብ ሳይገባ ከረመ፤ ማዶዎቹም አክብረዋል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የኩሬውን ግድብ ናደው፣ ዓሦቹ ወደ ሐይቁ ገቡ አለኝ። «አዝነን ነበር፤ ግን አክስቴ፣ ሐይቁ ሲከፈት ብታዪ! ዓሣው ሞልቷል! የኛ ጫጩቶች ናቸው የሞሉት፤ ጋቢ የለበሱት!» ሰዎቹም በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይለምናቸው ሐይቁን ዘጉ፤ የመረቡንም ዓይን አሰፉ። እኔም ለልጆቹ ሁሉ እንዲህ ብዬ ነበር የምጨርሰው፦ እኛ ያጀብናቸው ዓሦች ሐይቁን ሞሉት።

ዓመታት አለፉ። የኦቦ ዳባ ልጅ ስታገባ ተጠርቼ ወረድኩ። ኦቦ ዳባ ሸብቶ ድንኳኑ መሀል ይጨፍራል፤ ቶሎሳ ከወዲያ በኩል ለሙሽራው ዘመዶች ስለ ጫጩቶቹ ያወራል። አዴ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጣ ሰማችውና ሳቋ አመለጣት።

«አኮ፣ ያመጣችኋቸው ዓሦች እኮ ሳምንት አልቆዩም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«አንድ ጠዋት ባለቤቴ ኩሬው ሲሄድ ሁሉም ሆዳቸውን ገልብጠው አገኛቸው። ምን እንደነካቸው እስከ ዛሬ አናውቅም። ሰብስቦ ከሙዙ ሥር ቀበራቸውና፣ 'ትንፍሽ ብትዪ ሁሉም መረቡን ይመልሳል!' አለኝ።»

«ቶሎሳስ አላየም?»

«ሊያይ ሲመጣ 'አትረብሻቸው፣ ሰው ካዩ አይበሉም' ይለዋል። ማታ ማታ በሰው ፊት ፉርሽካ ይበትናል። እንቁራሪቶቹ ለመዱትና ሲንቦጫረቁ ሰዉ 'አቤት አደጉ!' ይላል። ሰኔ ሲቀርብ ደግሞ፣ በዝናቡ ቀን፣ ግድቡን በዶማ የናደው ራሱ ነው።»

እኔ ወደ ኦቦ ዳባ አየሁ። እጁን አንሥቶ ይጨፍራል። ቶሎሳ ገና ያወራል፤ ሰዎቹም አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ወሬውን አላበላሸሁበትም። ሐይቁን የሞላው የራሱ የሐይቁ ዓሣ ነበር፤ እናቶቹ በአፋቸው ይዘው ያሳደጉት።

«ማኅበሩ የሰጠው ፉርሽካ መጋቢት ላይ አለቀ» አለች ጫልቱ ዓይኗን እየጠረገች። «'ቀለቡ ከተቋረጠ ይጠረጥራሉ' ብሎ የላሞቼን ወሰደ። ያን በጋ ወተታቸው የነጠፈው ለባዶ ኩሬ ቀለብ ሲሰፍሩ ነው።»